አክስቴ በቴሌቪዥን ጥቁር የለበሰች ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ጉርድ ሾላ ያለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ቤት አብረን ስንገባ አፍንጫዬን ይዤ የቆምኩት ሸትቶኝ አልነበረም። ሰውየው የአንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ጀርባ ፈቶ ሲያበራው ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ድንገት መጣ። ፀሐይ ላይ የዋለ ብርድ ልብስና የተቃጠለ ክር የተቀላቀሉበት የሚመስል ሽታ ነው። እንዳይወጣብኝ ብዬ ነው አፍንጫዬን የያዝኩት። አንቺ ሳቅሽብኝ። መንገድ ላይ ደግሞ «ትምህርት ስጨርስ ቴሌቪዥን ላይ ነው የምሠራው፣ አስተዋዋቂ ነው የምሆነው» አልሽ። እኔ ዝም ስል «ቀናሽ እንዴ?» አልሽኝ። አልቀናሁም። አክስቴ ትዝ ብላኝ ነው። ያን ሰዓት ልነግርሽ ብሞክር አንደበቴ ተሳሰረ፤ ብዕር ስይዝ ግን፣ ይኸው፣ ማን ያቆመኛል!

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን አሁን የምታውቂው ነው፤ ከቦሌ ሚካኤል ወረድ ብሎ፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት ብቻ። አንደኛው የእኛ፣ ሁለተኛው የጎረቤታችን የእማማ። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ክፍል ይሠራ ስለነበር ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንድ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ገዝቶ አምጥቶ ነበር። በሰፈሩ ሌላ ቴሌቪዥን ስላልነበረ፣ ሲመሽ በራችን ላይ ጫማ ይደረደራል። ትልልቆቹ ወንበርና አልጋ ላይ፣ እኛ ወለል ላይ። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ በመጨረሻ ምስሉ ከመሃል እንደ ኩሬ እየሰፋ ይመጣል። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይወዛወዛል፤ ድምፁንም ሞተሩ ይውጠዋል። ለምደነው ነበር። ዜናውን ግማሹን ከቴሌቪዥኑ እንሰማለን፣ ግማሹን እንገምታለን።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ጣቢያው የቀጠራት በታይፒስትነት ነው። አንዷ አስተዋዋቂ ወልዳ ዕረፍት ስትወጣ፣ እስቲ ይቺ ልጅ ትሞከር አሉና ካሜራ ፊት አስቀመጧት፤ በዚያው ቀረች። የመጀመሪያው ማታ «ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ» ስትል እናቴ ከወንበሯ ተነስታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለቻት። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ግን ታናሽ እህቷ አላየችኝም ብላ ለማመን ጊዜ ወሰደባት።

ማታ ስትመጣ የፊት ዱቄትና የጋለ መብራት ትሸት ነበር። «ከወገብ በላይ ብቻ ነው የምታየው» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር የእናቴን የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነበር የምታደርገው። ይሄን ምሥጢር ለማንም አልተናገርኩም። ማለቴ፣ እስከ ዛሬ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አክስቴ በሩን ከፍታ ስትገባ ጨዋታ ይቋረጥ ጀመር። አንዱ ስለ ስኳር መጥፋት እያወራ ከሆነ ስለ ዝናብ ያደርገዋል። ጊዜው እንደዚያ ነበር። ሰው ከመናገሩ በፊት ማን እንዳለ ዞር ብሎ ያይ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ የምትታይ ሰው ደግሞ፣ በሰፈራችን ግምት፣ ሁሉን ታውቃለች፤ ነገ የሚሾመውን፣ ነገ የሚታሰረውን፣ ጦር ሜዳ የወደቀውንም ጭምር። እናቴ እንኳ የራሷ ጥርጣሬ ነበራት፤ የእሷ ግን ስለሚያመጣት መኪና ነው።

«ያ የማን መኪና ነው?»

«የመሥሪያ ቤት ነው፣ እቴቴ።»

«ከጎንሽ የተቀመጠው መሥሪያ ቤት ጢም አለው።»

ጢማሙ ካሜራማኑ ነበር። እዚሁ ቦሌ ስለሚኖር ከእሷ ጋር አንድ መኪና ያደርሳቸው ነበር።

የእማማ ጥርጣሬ ግን ከሁሉም ይከብድ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ዘምቷል። ደብዳቤው ከክረምቱ በፊት ቆመ። መርዶ በንጋት እንደሚነገር እንኳን እሳቸው እኔም አውቅ ነበር፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሳ። ስለዚህ እማማ ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው ግቢውን ይጠርጉ ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ መጥረጊያው አፈሩን ሲልሰው እሰማለሁ። እናቴ «ምነው እማማ፣ በዚህ ብርድ?» ስትላቸው፣ «ተኝቼ አያገኙኝም» አሉ።

ማታ ማታ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ወለሉ ላይ ቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጣሉ። ወንበር ሲሰጧቸው እምቢ ይላሉ። ዜናውን አልነበረም የሚከታተሉት፤ የአክስቴን ዓይን ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠሩኝና እፍኝ ሽምብራ ቆሎ ሰጡኝ።

«አክስትሽ ማታ ስትገባ ፊቷ እንዴት ነው?»

«ዱቄት አለው።»

«ሞኝ! ከዱቄቱ ሥር ነው የምልሽ። እራት ትበላለች? ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ተጠራጣሪ ሆንኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። አክስቴ ስንት ጉርሻ እንደጎረሰች፣ መቼ እንደተነፈሰች፣ መስታወት ፊት ምን ያህል እንደቆየች አያለሁ፤ ጠዋት ለእማማ አደርሳለሁ። እሷ ደግሞ «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንደ ድመት የምታፈጥብኝ?» ትላለች።

አክስቴ በመጀመሪያ ደመወዟ ቦሌ ሚካኤል ካለው ሰፊ ዘንድ ቀሚስ አሰፋች። ቀይ፣ እንደ ተፈጨ በርበሬ ያለ፣ አንገቱ የተዘጋ። ልትሠራ ስትወጣ እማማ ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ አላዩትም። ማታ እንደ ልማዳችን ተሰበሰብን። ሽታው መጣ፣ ድምፁ መጣ፣ ምስሉም እየሰፋ መጣ፤ አክስቴ እስከ አንገቷ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች።

 እሷ «ውድ ተመልካቾቻችን» ብላ ስትጀምር አውሮፕላኑ መጣ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ምስሉ ተወዛወዘ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ ዝቅ አደረገች፣ ቀና አለች፣ ደግሞ ዝቅ አደረገች። አውሮፕላኑ ሲያልፍ እሷ ሄዳ የሰልፍ ሙዚቃ ተተክቷል።

«ነገረችኝ» አሉ እማማ፣ በቀስታ። ከዚያ ጮኹ። «ጥቁር ለብሳ ነገረችኝ! ስሙን ጠራችልኝ እኮ!»

ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ጎረቤቱም፣ ምን ያድርግ፣ አብሮ አለቀሰ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«የምን ለቅሶ ነው? ማን ሞተ ተብሎ ነው?»

እናቴ ፊቱ ቆመች። «ሆዳቸውን አሟቸው ነው፣ የኔ ወንድም። የቆየ ሕመም ነው።»

ሰውየው ቴሌቪዥኑን አየ፣ እማማን አየ፣ እኛን አንድ በአንድ አየ። «ሆዳቸው ቶሎ ይሻላቸው» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ነበር የሚያለቅሱት፤ እሱ ከጩኸቱ ይብስ ነበር።

መኪናው ሲመጣ ሁላችንም ግቢ ውስጥ ነበርን። አክስቴ በቀይ ቀሚሷ ወረደች።

«እማማ! ምን ሆኑ?»

«አንቺ ምን ሆንሽ? ለማን ነው ጥቁር የለበስሽው?»

«የምን ጥቁር? ቀይ እኮ ነው፤ ይኸው፣ ይዩት!»

«እዚያ አውልቀሽው ነው የመጣሽ።»

ካሜራማኑም ጢሙን እያሸ ወረደ። «እናቴ፣ ካሜራችን ቀለም አያውቅም። ቀይ ሲለብሱ ጥቁር ይመስላል። ነጭ ሲለብሱ ደግሞ እንደ መብራት ያበራና ፊት ያጠፋል፤ ነጭ እንዲመስል ስንፈልግ ቢጫ ነው የምናስለብሰው።»

እማማ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ቀዩ ጥቁር፣ ቢጫው ነጭ። እንዲያው ከናንተ ዘንድ እንደ ራሱ የሚታይ ነገር አለ?»

ካሜራማኑ ዞር ብሎ ከበሩ ውጭ ማን እንዳለ አየ።

በማግስቱ መፍትሔውን ያመጡት እማማ ራሳቸው ናቸው። መርፌና ክር፣ ከትራስ ልብስ የተነቀለ ትልቅ ነጭ ቁልፍም ይዘው መጡ። አክስቴን ቀዩን ቀሚስ አስለብሰው አቆሟትና ቁልፉን አንገትጌው ላይ ሰፉት። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «እኔ የሰፋሁትን የትም ባየው አውቀዋለሁ። ዛሬ ይሄንኑ ለብሰሽ ውጪ።»

«እማማ፣ አለቃዬ ይቆጣኛል።»

«ይቆጣሽ!»

ያን ማታ ቤታችን ሞልቶ በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። ምስሉ መጣ። ጥቁር ቀሚስ፤ አንገቱ ላይ ደግሞ እንደ ጨረቃ ክብ የሆነ ነጭ ቁልፍ። እማማ ተንፏቀው ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አደረጉ።

«ቁልፌ!» አሉ። «ቁልፌ ነው! የትራሴ ቁልፍ!»

እንደዚያ የተሳቀበት ማታ ቤታችን ውስጥ አላስታውስም። እናቴ ሆዷን ይዛ አልጋው ላይ ወደቀች። አለቃው «ይሄ የምን ጌጥ ነው?» ብሎ ግማሽ ሰዓት እንደጮኸባት አክስቴ ስታወራልን ደግሞ ሳቁ እንደገና ተነሳ። እማማ እንባቸውን ጠርገው አክስቴን አጠገባቸው አስቀመጧት። ቤቱ ጸጥ ሲል የተናገሩትን ሰማሁ።

«እስከ ዛሬ ጠርጥሬሻለሁ፤ ማሪኝ። ከእንግዲህ ካንቺ በቀር የማምነው የለኝም። የሰማሽ ቀን ጥቁር ልበሽልኝ። በንጋት በሬን ከሚመቱት ካንቺ ይሻለኛል።»

«እማማ፣ እንዲህ አይበሉ።»

«ቃል ግቢልኝ።»

አክስቴ ቃል ገባች። ከዚያ ወዲህ ቀዩን ቀሚስ አልለበሰችም። ቢጫ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ፈዛዛ ሮዝ፤ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነጭ ነበር። እማማም አይተዋት «ተመስገን፣ ዛሬም አለ» ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ከዚያ ካሜራማኑ ፊልም ሊያነሳ ወደ ጦር ሜዳ እንደሚሄድ ተሰማ። እማማ በሁለት ቀን ጭኮ አሽተው በወተት ጣሳ ሞሉ፤ ጣሳውን በአቡጀዴ ጠቅልለው ዙሪያውን ሰፉት፤ ያው ያቺ ጠበቅ ጠበቅ ያለች ስፌታቸው። የልጃቸውን ስምና የክፍሉን ቁጥር እኔ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። ካሜራማኑ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ብዙ ቆየ። ሲመለስ ከስቶ ነበር፤ ፊቱ ከስሏል፣ ጢሙንም ተላጭቷል። ያን ማታ መኪናው እንደ ወትሮው በራችን ላይ አልቆመም። አስፋልቱ ዳር ቆመ፣ መብራቱንም አጠፋ። እኔ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። ከኋላ ወንበር ሁለት ጥላ ይታየኛል፤ አንደኛው አንገቱን ደፍቷል። ውሻ ጮኸ፣ ዝም አለ። አክስቴ ወርዳ ስትመጣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። በዋናው በር አልገባችም፤ በማድ ቤቱ በኩል ዞረች። ውሃ ሲንቧቧ ሰማሁ።

የእማማ መስኮት ተከፈተ።

«ልጄ፣ መጣ ወይ ካሜራማኑ?»

«መጣ፣ እማማ።»

«ደረሰው?»

ውሃው ቆመ።

«ደረሰው፣ እማማ።»

«እሰይ! በላ?»

«በላ።»

መስኮቱ ተዘጋ። እኔ ጨለማው ውስጥ ቆሜ ያቺን «በላ» ደጋግሜ አኘክኋት። አልጣመችኝም። በማግስቱ አክስቴ ሥራ ስትሄድ አልጋዋ ሥር ገባሁ። ከሻንጣዋ ኋላ፣ በሻሽ ተሸፍኖ፣ ጣሳው ተቀምጧል። የእኔ ጽሑፍ እንዳለ ነው። ስፌቱ አንድም ቦታ አልተፈታም። ቅቤው መሻገት ጀምሮ ነበር። እዚያው ሥር ተጋድሜ የአልጋውን ሽቦ ሳይ ቆየሁ፤ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

ያን ማታ አክስቴ ቢጫ ለብሳ ወጣች። ሳቀችም፤ ከወትሮው የበለጠ። በሚቀጥለውም ማታ እንደዚሁ፣ በሚቀጥለውም። አንድ ምሽት ለእናቴ ስታንሾካሹክ ሰማኋት፤ «ጥቁር ብለብስ ከሥራ ያባርሩኛል፤ እሱስ ይሁን። ግን እዚህ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ እኔ እዚያ መብራት ሥር ሆኜ፣ ሲወድቁ እንኳ ደርሼ ሳልይዛቸው? አልችልም፣ እቴቴ።» እናቴም «ዝም በይ፤ ቀበሌው ይንገራቸው» አለቻት።

እኔ አሁን አክስቴን መጠበቅ ትቼ እማማን መጠበቅ ጀመርኩ። እሷን ሲያዩ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ያውቁ ይሆን? እንዴት ያውቃሉ? እንደ በፊቱ «ተመስገን፣ ዛሬም አለ» ብለው ይነሳሉ። እኔን ግን ጠርተው አይጠይቁኝም፤ ሽምብራውም ቀርቷል። አንድ ነገር ደግሞ ገረመኝ፤ ንጋት ላይ መጥረጊያው አይሰማም። እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ አመኗት ማለት ነው አልኩ፤ በልጅ አእምሮዬ ቀለለኝ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በጥቢው መጨረሻ ነው። የግቢው በር ሲጢጥ ሲል አክስቴ ከአልጋዋ ተፈናጥራ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። አምስት ስድስት ሰዎች፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ማን ቀድሞ በሩን ይምታ ብለው ይተያያሉ። ማንም ሳይመታው በሩ ተከፈተ።

እማማ ለብሰው ቆመዋል። ጥቁር፣ ነጠላቸው የተዘቀዘቀ። ከኋላቸው በኩራዝ ብርሃን ያሏቸውን አግዳሚዎች ሁሉ ግድግዳው ዙሪያ መደርደራቸውን አየሁ።

«ግቡ» አሉ። «ቆያችሁ እኮ።»

አክስቴ ከዚያ ወዲህ ስክሪን ላይ አልወጣችም። ራሷ አመልክታ ፊልም ክፍል ገባች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። «ድምፅሽ እንዲህ እያማረ!» ሲሏት «ዓይኔ ይሻላል» ትላለች። አንቺ ግን አስተዋዋቂ ሁኚ። ቅናት አይደለም ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ብቻ ከመስታወቱ ወዲህ ማን ተቀምጦ እንደሚያይሽ እወቂ ብዬ ነው።

ያን የመርዶ ቀን ፀሐይ ወጥታ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ለቅሶው ትንሽ ሲበርድ አክስቴ እማማ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ቃሌን በላሁ፣ እማማ።»

«አውቄያለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰነጣጥቆ። «ያን ማታ፣ በመስኮት። ደረሰው ስትይኝ፣ በላ ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ። ምን አለ ብዬ ግን አልጠየቅኩሽም። ይሄን ሳትጠይቅ የምትተኛ እናት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

 «ማታ ማታ ስትስቂልኝ፣ ለእኔ ብለሽ ነበር። እኔ ካለቀስኩ ማቆምሽ ነው። አንቺ ካቆምሽ ደግሞ ልጄ ሞተ ማለት ነው። ትንሽ ይቆይልኝ አልኩ።»

አክስቴ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ጣለችና እንደ ልጅ ጮኻ አለቀሰች። እማማ ፀጉሯን እየዳበሱ «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ» ይሏታል። ከሩቅ የመጡ ለቀስተኞች ድንኳኑ በር ላይ ቆመው፣ ልጁ የሞተባት የትኛዋ እንደሆነች ግራ ገብቷቸው፣ ማንን ቀድመው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንደሚሉ ሳያውቁ ተያዩ።